ኩርት ቫላንደር፦ ስለ ወጣትነቱና ስለ ቤቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስዊድናዊውን መርማሪ ኩርት ቫላንደርን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአርባዎቹ ዕድሜው ነው፤ ከሚስቱ ተለያይቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ በብርዳም ጠዋት ሬሳ አጠገብ ቆሞ። እኔ ግን አብልጬ የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን፣ የደንብ ልብሱን ገና ያልለመደውን ወጣት ነው። መጽሐፎቹን ያዋስኳቸው ሰዎች መልሰው ሲያመጡልኝ የሚጠይቁኝም ይበልጡን ስለዚያ ዘመኑ ስለሆነ፣ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ አልናገርም። የቫላንደርን የራሱን ሕይወት ግን ሳልሸፍን አወራለሁ፤ ሳያነቡ ማወቅ የማይፈልጉ እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይሻላል።

ቫላንደር በእውን የነበረ ሰው ነው?

አይደለም። የፈጠረው ሄኒንግ ማንኬል የተባለ ስዊድናዊ ደራሲ ነው። ማንኬል በ1948 ስቶክሆልም ውስጥ ተወለደ፣ በስቬግ አደገ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ዕድሜውን ለስዊድንና ለሞዛምቢክ ከፍሎ ኖረ። በማፑቶ ቴአትሮ አቬኒዳ የሚባለውን ቴአትር ቤት ለዓመታት መርቷል። በ2015 በካንሰር ሞተ።

ሆኖም ቫላንደር የተወለደበት ምክንያት እውነተኛ ነው። ማንኬል በ1989 ከአፍሪካ ወደ አገሩ ሲመለስ በስደተኞች ላይ ያለው ጥላቻ አድጎ አየና ስለዚያ ለመጻፍ ቆረጠ። በእሱ ዓይን ዘረኝነት ወንጀል ነው። ወንጀልን ለመተረክ ደግሞ የፖሊስ ታሪክ ይመቻል፤ ስለዚህ ፖሊስ አስፈለገው። የፖሊሱን ስም ከስልክ ማውጫ ላይ አገኘው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ልብ ወለድ «ፊት የሌላቸው ገዳዮች» የሚከፈተው በሌናርፕ መንደር ሁለት አዛውንት ገበሬዎች፣ ባልና ሚስት፣ ቤታቸው ውስጥ በጭካኔ ተጠቅተው ሲገኙ ነው። ሚስትየው ከመሞቷ በፊት የተናገረችው ቃል ጥርጣሬውን ወደ ውጭ አገር ሰዎች ይመራዋል፤ ወሬው ሲወጣ ስደተኞች ይታደናሉ፤ አንድ ሶማሌያዊም ይገደላል። ስዊድን ውስጥ ስደተኛ ሆኖ የኖረ አንባቢ ያንን መጽሐፍ እንደ ተራ የመርማሪ ታሪክ አያነበውም።

ታዲያ ቫላንደር ማለት ማንኬል ራሱ ነው?

ማንኬል ይህን ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ ሁለቱን የሚያመሳስሏቸው ሦስት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን ነበር፦ ዕድሜያቸው፣ ለጣሊያን ኦፔራ ያላቸው ፍቅርና ብዙ መሥራታቸው። በሕይወት ቢገናኙ ወዳጅ እንደማይሆኑም ይናገር ነበር። እኔ አምነዋለሁ። ደራሲው ዓለምን የዞረ፣ አቋሙን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነበር። ቫላንደር ግን ስኮነ ከሚባለው የደቡብ ስዊድን ግዛት መውጣት የሚከብደው፣ ስለ ፖለቲካ ሲጠየቅ የሚደናገር ሰው ነው።

ተወልዶ ያደገው የት ነው?

በደቡብ ስዊድን ባለችው በማልሞ ከተማ አካባቢ። የልጅነቱ ሰፈር ሊምሃምን የማልሞ የባሕር ዳርቻ ክፍል ነው። እናቱ እሱ ገና ወጣት ሳለ ሞታለች፤ ክሪስቲና የምትባል እህትም አለችው። ስለ እናቱ መጽሐፎቹ ብዙ አይሉም። የልጅነቱን ቤት የሞላው አባቱ ነው፤ አባቱና የቀለም ሽታ።

አባቱ ማን ናቸው? ፖሊስ መሆኑንስ ለምን ጠሉት?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። ከተከታታዩ ሰዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ይህ አዛውንት ነው።

አባትየው ሠዓሊ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ግን የሣሉት አንድ ሥዕል ነው። በጫካ ላይ የሚያርፍ የምሽት ፀሐይ። አንዳንዱ ሥዕል ላይ ከፊት ለፊት ትልቅ የዱር ወፍ ይቆማል፣ አንዳንዱ ላይ አይቆምም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ኩርት ልጅ ሳለ የሚያብረቀርቅ የአሜሪካ መኪና የሚነዱ፣ በሐር ልብስ ያሸበረቁ ነጋዴዎች ወደ ቤት እየመጡ ሥዕሎቹን በጅምላ ይገዙ ነበር። «የሐር ፈረሰኞች» ይባላሉ። ልጁ ከጥግ ቆሞ ሲደራደሩ ያያል። ገንዘቡ ሲቆጠር ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ደግሞ ያው ፀሐይ፣ ያው ጫካ።

ልጃቸው ፖሊስ ልሆን ነው ሲል አባትየው በጽኑ ተቃወሙ። ለምን? በቅጡ አያስረዱም። ኩርትም መልሱን ሲፈልግ ይኖራል። አንድ ቦታ ላይ በቁጣ የሚሉት አለ፦ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ ከእጅጌህ የሬሳ ትል ይወጣል የሚል ዓይነት ነገር። ያችን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። ስድብ ናት፤ ስድቧ ውስጥ ግን የአባት ስጋት አለ። የልጃቸው እጅ በየቀኑ ሞት እንደሚነካ ያውቃሉ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀሐይ እንዳትጠልቅ ከሸራው ላይ ይዘው አቆዩ፣ ልጁ ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ሥራ መረጠ።

መኮራረፋቸው ረጅም ነው። በ1969 አባትየው ሊምሃምንን ትተው ወደ ሎደሩፕ፣ ወደ ገጠር ለመሄድ ሲወስኑ ልጃቸውን አላማከሩም። በታኅሣሥ 1989 ካይሮ ሄደው ትልቁን ፒራሚድ ሊወጡ ሲሞክሩ በፖሊስ ተያዙ፤ ኩርት የግድያ ምርመራውን ጥሎ ወደ ግብፅ በሮ አስፈታቸው። አዛውንቱ ግን ቅንጣት ታህል አልተጸጸቱም። የሕልማቸው ጉዳይ ነበራ! በኋላ አባትና ልጅ ሮምን አብረው ያያሉ። በተከታታዩ ውስጥ ሁለቱ በእውነት የተገናኙት በዚያች አንድ ሳምንት ነው፤ አባትየው ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ኩርት ከዚያ በኋላ ለምን ጠላህብኝ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

የመጀመሪያ ጉዳዩ ምን ነበር?

የወጣትነቱ ታሪኮች አምስት ናቸው፤ የተሰበሰቡትም «ፒራሚዱ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጊዜው 1969፣ የሰኔ ወር መጀመሪያ ነው። ቫላንደር 21 ዓመቱ ነው። በማልሞ የደንብ ልብስ ለብሶ በእግር የሚዞር ተራ ፖሊስ ነው፤ ዓይኑ ግን የወንጀል ምርመራ ክፍሉ ላይ ነው። የሚኖረው ሩሴንጎርድ በሚባል የማልሞ ሰፈር፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቱን አርቱር ሆሌንን በጥይት ተመትቶ፣ ሽጉጥ ይዞ ወለሉ ላይ ያገኘዋል። ሆሌን በጡረታ ያለ መርከበኛ፣ ብቸኛ ሰው ነው። መርማሪዎቹ መጥተው ያያሉ፤ ራሱን አጠፋ ይላሉ።

ለቫላንደር ነገሩ አልዋጥ ይለዋል። ሟቹን በደንብ አያውቀውም፤ ደረጃ ላይ ሰላም ሰላም ይባባላሉ እንጂ። ደግሞም ማንም መርምር አላለውም። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ፣ ከእረፍቱ ላይ ቆርሶ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ብቻውን መቆፈር ይጀምራል። የኋላው ቫላንደር በሙሉ እዚህ ታሪክ ውስጥ በዘር መልክ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ግትርነቱ፣ ደመ ነፍሱን ማመኑ፣ ሌላ ሰው ያለፈውን ትንሽ ነገር መልቀቅ አለመቻሉ። ጥፋቱም እዚያው አለ፤ ለአለቃ ሳይናገር ብቻውን ይገባል፣ አደጋው ያገኘዋል። በዚያ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ከተማው ውስጥ ቆማ ስትጠብቀው ይረሳል።

በዚያው ታሪክ ውስጥ የምወዳት ትንሽ ትዕይንት አለች። ካፌ ውስጥ አንዲት ወጣት ፖሊስ መሆኑን ታውቅና በቬትናም ሰልፍ ላይ ፖሊሶች ስላደረጉት ነገር በቁጣ ታፋጥጠዋለች። ቫላንደር የሚመልሰው ያጣል። ያንን ዘመን ለማያውቅ ለመረዳት ይከብድ ይሆናል። በየካቲት 1968 ያኔ የትምህርት ሚኒስትር የነበረው ኦሎፍ ፓልመ ስቶክሆልም ውስጥ ከሰሜን ቬትናም አምባሳደር ጎን ችቦ ይዞ ሰልፍ ወጥቷል። ማለትም ሚኒስትሩ ራሱ የሚሰለፍበት ጉዳይ ላይ ዱላ ይዞ እንዲቆም የታዘዘው የ21 ዓመቱ ፖሊስ ነው። እኩዮቹ ሁሉ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ቫላንደር በዘመኑ ውስጥ እንግዳ ሆኖ መኖር የጀመረው ያኔ ነው።

ሩሴንጎርድ ያኔም እንደ ዛሬው ነበር?

አልነበረም። ሩሴንጎርድ የተሠራው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ መንግሥት በአሥር ዓመት አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብሎ በተነሳበት ዘመን። ቫላንደር ሲኖርበት ሕንፃዎቹ አዲስ፣ ተከራዮቹም በብዛት ስዊድናውያን ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ ሰፈሩ የሚታወቀው የስደተኞች መኖሪያ በመሆኑ ነው፤ እግር ኳስ ለሚከታተል ደግሞ ዝላታን ኢብራሂሞቪች ያደገበት ነው። ስለዚህ «ቫላንደር በስደተኞች ሰፈር ነበር የጀመረው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

በቢላ የተወጋው ያኔ ነው?

አዎ፣ በማልሞ ወጣት ፖሊስ ሳለ። ቢላው ለልቡ በጣም ቀርቦ ነው የገባው፤ ለጥቂት ተረፈ። ለመኖር ጊዜ አለው፣ ለመሞትም ጊዜ አለው የሚለውን ሐሳብ ለራሱ እንደ መሐላ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። መጽሐፈ መክብብን እየሰማ ላደገ አማርኛ አንባቢ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቫላንደር ግን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አይደለም። እንደ ጸሎትም አይለው። አንድ አስፈሪ በር ከመክፈቱ በፊት ትንፋሹን ለመሰብሰብ ይለዋል። ሃያ ዓመት አልፎም ያንኑ ሲደግም ስታዩት ጠባሳው የቱ ጋ እንዳለ ታስታውሳላችሁ።

ሥራውን ያስተማረው ማን ነው?

ሁለት ሰዎች ናቸው። በማልሞ ሄምበርግ የተባለ አንጋፋ መርማሪ ወጣቱን ያስተውለዋል። ብቻውን መግባቱን ይቆጣዋል፤ ግን ጥሩ መርማሪ እንደሚወጣውም አይቷል። በኋላ በተዛወረባት በትንሿ ከተማ በኢስታድ ደግሞ ሪድበሪ አለ። ሪድበሪ ዝግተኛ፣ እግሩን የሚያመው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሁሉም የሚፈልገውን ሳይሆን መኖር ሲገባው የሌለውን ያያል። በካንሰር ከሞተ በኋላ ቫላንደር እያንዳንዱ ጉዳይ ላይ «ሪድበሪ ቢሆን ምን ይል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ከአባቱ ያላገኘውን አባትነት ከሪድበሪ አገኘ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሞና ማን ናት? ትዳራቸውስ ለምን ፈረሰ?

ሞና ፀጉር ሠሪ ናት። በ1969 የቫላንደር ፍቅረኛ ነበረች፤ ተጋቡ፣ በ1970 ሊንዳ ተወለደች። እንግዲህ አንባቢ ሁሉ የሚጠይቀው፣ ማን በደለ የሚለውን ነው።

በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ሞናን ደጋግመን የምናያት ስትጠብቅ ነው። ቫላንደር ይዘገያል። ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅርታው እውነተኛ ነው፣ ልጁ ውሸታም አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ያው ነው። ቁጣዋ እንዴት እንደሚመጣበት ያውቃል፣ ይፈራታልም፤ ያም ሆኖ ከአንድ የሞተ ጎረቤት ምስጢርና በሕይወት ካለች ፍቅረኛ ቀጠሮ መካከል እግሩ የሚወስደው ወደ ሟቹ ነው። ማንኬል ይህንን በትልልቅ ጠቦች አልጻፈውም። ሰዓት በማየት ጻፈው፤ በስልክ ጥሪ፣ በቀዘቀዘ ምግብ፣ በኩርፊያ ዝምታ።

ሁለተኛው ታሪክ የ1975 የገና ዋዜማ ነው። ስዊድናውያን ገናን የሚያከብሩት በዋዜማው ስለሆነ በዚያ ምሽት ከቤት መቅረት ማለት በዓሉን ራሱን ማጣት ማለት ነው። ቫላንደር ከማልሞ ተነስቶ ወደ ኢስታድ፣ ሞናና ሊንዳ ወዳሉበት ሊነዳ ነው፤ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሄምበርግ በመንገድህ ላይ አንዲት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ጎራ በልልኝ ይለዋል፤ ባለሱቋ አንድ የሚያጠራጥር ሰው አይታለች። ትንሽ ውለታ ናት። ሱቁ ውስጥ የሚጠብቀው ግን ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው፤ ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለው ታሪክም ከስዊድን እጅግ ርቆ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ይወስዳል። ቫላንደር ታስሮ በሰዓታት ሲፋጠጥ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት መንገድ መንገዱን እያየች ነው። ሞና በዚያች ሌሊት ምን አሰበች? ማንኬል አይነግረንም። እኔ ግን ከአምስቱ ታሪኮች ስለ እሷ ይበልጥ የማስበው እዚህ ላይ ነው።

በ1987ቱ ታሪክ ሞናና ሊንዳ ለእረፍት ሄደዋል፤ ቫላንደር ብቻውን ቤት ውስጥ ሲሆን መረበሽ ብቻ ሳይሆን እፎይታም ይሰማዋል፤ ይህንንም ለራሱ ማመን ይከብደዋል። በ1988 ትዳሩ የቀረው ለስሙ ነው። በ1989 መኸር ሞና ጥላው ትሄዳለች። የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲከፈት ተለያይተው ሦስት ወር ገደማ ሆኗቸዋል፤ እሱ ግን ትመለሳለች ብሎ ያምናል። ይለምናታል። አትመለስም።

ማን በደለ? ሞናን ክፉ አድርገው የሚያነቧት አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ሃያ ዓመት የጠበቀች ሴት ናት። ቫላንደር ስለ ሰው ሕመም የሚገደው ሰው መሆኑ እውነት ነው፤ ርኅራኄው ግን በቢሮው በኩል ይወጣና ቤቱ ሲደርስ ያልቃል። የእንግዳ ሰውን ሞት እንቅልፍ ነስቶት ሲያሳድድ የሚስቱን ዝምታ ሳይሰማ ይቀራል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል!

ለምን ከማልሞ ወደ ኢስታድ ሄደ?

ትንሽ ከተማ፣ ጸጥታ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ሕይወት ፍለጋ ነው። ኢስታድ በእርግጥም ትንሽ ናት፤ በባልቲክ ባሕር ዳር የእንጨት ማገራቸው ከውጭ የሚታይ አሮጌ ቤቶች ያሏት፣ ወደ ፖላንድና ወደ ቦርንሆልም ደሴት መርከብ የሚነሳባት ወደብ። በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ጠባቂው እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት በየሩብ ሰዓቱ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ጥንት እሳት አለመነሳቱን ለሕዝቡ የሚነግርበት ነበር። ቫላንደር ከፍቺው በኋላ የሚኖርበት ማሪያጋታን የሚባለው መንገድም በእውን ያለ ነው።

ጸጥታውን ግን አላገኘም። ማንኬል ሆን ብሎ ነው ይህችን ከተማ የመረጠው፤ በዓለም ላይ ያለው ሁሉ በትንሿ ወደብ በኩልም እንደሚገባ ለማሳየት።

ስለ ሊንዳስ?

ሊንዳ በቤቱ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ያየች ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ ገደማ ሕይወቷን ልታጠፋ ሞክራ ተርፋለች። አባትየው ለምን እንደሆነ በትክክል አልገባውም፤ አለመግባቱም በልቡ ውስጥ እንደ ስብራት ይቀመጣል። የሌሎችን ልጆች መጥፋት የሚመረምር ሰው የራሱን ልጅ ምክንያት አላገኘም። በኋላ አንዴ ሶፋና ወንበር ማልበስ ልማር ትላለች፣ አንዴ ተዋናይ ልሁን ትላለች፤ መጨረሻ ላይ ግን ፖሊስ ትሆናለች! አባቷ ይደነግጣል፤ ያኔ የገዛ አባቱን መደንገጥ ማስታወስ ነበረበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ልብ ወለድ ሊንዳ በሉንድ ሕክምና የሚማር ኬንያዊ ወጣት ጓደኛ አላት። ቫላንደር ሲያየው ይቸገራል። ልጁ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ሊንዳን ይወዳታል፤ ታዲያ ምን ቸገረው? በሥራው ዘረኞችን የሚያሳድደው ሰው የራሱን መጠራጠር ሲመለከት ያፍራል። ማንኬል ጀግናውን ከዚህ ሐፍረት አላዳነውም፤ በዚህ አከብረዋለሁ።

ኦፔራ መውደዱ ከየት መጣ?

ከወጣትነት ሕልም። ስቴን ቪዴን የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ድምፁ ያማረ። ስቴን የኦፔራ ዘፋኝ ሊሆን፣ ቫላንደር ደግሞ የሥራ ወኪሉ ሆኖ አብሮት ዓለምን ሊዞር ተስማምተው ነበር። ድምፁ ለመድረክ አልበቃም፤ ስቴን የውድድር ፈረሶች አሠልጣኝ ሆነ። ሁለቱ ዓመታት አልፈው ሲገናኙ ብዙ አያወሩም። ቫላንደር መኪናው ውስጥ ካሴት ሲከፍት የሚሰማው የሌላ ሕይወቱን ሙዚቃ ነው። በስተእርጅና የገዛውን ውሻ ዩሲ ብሎ የጠራውም በታላቁ ስዊድናዊ ዘፋኝ በዩሲ ቢዮርሊንግ ስም ነው።

ይጠጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በተለይ ሞና ከሄደች በኋላ። «ፊት የሌላቸው ገዳዮች» ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ የገዛ ባልደረቦቹ ያስቆሙትና ይሸፍኑለታል። የሚሸፍኑለት ስለሚወዱት ነው፤ እሱ ግን ሌላ ዜጋ ቢሆን ኖሮ መንጃ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ያውቃል። አመጋገቡም መጥፎ ነው፤ በ1997 የወጣው መጽሐፍ ውስጥ ስኳር እንዳለበት ይታወቃል። በ2009 በወጣው የመጨረሻው ታላቅ ልብ ወለድ ደግሞ የመርሳት በሽታ ይጀምረዋል፤ አባቱ ላይ ያየው ያው በሽታ።

ከሞና በኋላ የወደዳት ሴት አለች?

በ1989 ማብቂያ ኤማ ሉንዲን ከምትባል ነርስ ጋር ይቀራረባል፤ በሙሉ ልቡ ግን አልነበረም። በእውነት የወደዳት ባይባ ሊየፓን ነው፤ የሪጋ ሴት፣ የተገደለ የላትቪያ ፖሊስ ሻለቃ ሚስት የነበረች። ያገባት ዘንድ ይለምናታል። እሷ ግን አንዴ ፖሊስ አግብታ ቀብራዋለች፤ ሁለተኛ አልፈለገችም።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለው ወጣት ቫላንደር እንደ መጽሐፉ ነው?

አይደለም፤ ይህንን ሳያውቁ የሚጀምሩ ሰዎች ግራ ይጋባሉ። በ2020 እና በ2022 የወጣው ተከታታይ ፊልም፣ አዳም ፖልሶን የሚሠራበት፣ ወጣቱን ቫላንደርን ወደ ዛሬው ማልሞ አምጥቶታል። ስለዚህ የእጅ ስልክ አለ፣ የዛሬው ሩሴንጎርድ አለ፤ የ1969 ዓለም ግን የለም። የቬትናም ሰልፍ የለም፣ ከቤት ስልክ ደውሎ «ዘግይቻለሁ» ማለት የለም። የተቀረጸውም በአብዛኛው በሊትዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ ነው። እንደ ራሱ ሥራ ይታያል፤ የቫላንደርን ወጣትነት ለማወቅ ግን አይበቃም። ትልቁን ቫላንደር ሮልፍ ላስጎርድ፣ ክሪስተር ሄንሪክሶንና የሰሜን አየርላንድ ተወላጁ ኬኔት ብራና በየተራ ተጫውተውታል።

የወጣትነቱ ታሪክ የት ይገኛል? ከሱ ልጀምር?

በ1999 በስዊድንኛ፣ በ2008 በእንግሊዝኛ በወጣው «ፒራሚዱ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አምስት ታሪኮች አሉት፤ ከ1969 እስከ 1990 መጀመሪያ። ማንኬል የጻፋቸው አንባቢዎች ደብዳቤ እየጻፉ «ይህ ሰው ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» ብለው ስለጠየቁት መሆኑን በመግቢያው ላይ ይናገራል። እዚያው መግቢያ ላይ ሌላም ይላል፤ ስምንቱን መጽሐፎች ከጨረሰ በኋላ ነው ሁሉም ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ስዊድን ጭንቀት እንደሆኑ የገባው። ያ በ1986 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኦሎፍ ፓልመ ከሲኒማ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ የተገደለባት፣ እኛስ ማን ነን ብላ መጠየቅ የጀመረችው አገር ጭንቀት ነው።

ከሱ ልጀምር ለሚሉኝ የምመልሰው አይሁን የሚል ነው። መጀመሪያ «ፊት የሌላቸው ገዳዮች»ን አንብቡ፣ ከቻላችሁም ሁለት ሦስቱን ተከታዮች። የደከመውን ሰው ካወቃችሁት በኋላ ወደ ወጣቱ ስትመለሱ፣ ከሞና ጋር የያዘውን ቀጠሮ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሲያሳልፍ ያች ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደምታስከፍለው እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሱ አያውቅም። በዓመት ቅደም ተከተል የጀመረ አንባቢ ይህንን አያገኝም።

የመጨረሻው ታሪክ የሚያበቃው የመጀመሪያው ልብ ወለድ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፤ ጥር 8 ቀን 1990፣ ገና ሳይነጋ። ቫላንደር ማሪያጋታን ባለው ቤቱ ብቻውን ተኝቷል፣ ስልኩም ይጮኻል።